ጨለማው የፈራው በር

ልጄ ሰው የማስፈራት ሥራ ነው የምትሠራው። ምን ትሠራለች ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው፤ ከዚህ ያጠረ መንገድ አላገኘሁለትም። ሥራዋ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ኮሚክ ይሉታል። ከኮሚክም ደግሞ አስፈሪውን ዓይነት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሻይ ይዘን ስንቆም ስለ ልጆች መጠያየቅ አይቀርም። አንዱ "የእኔዋ ፋርማሲስት ሆነች" ይላል፤ ሌላው "የእኔው ኢንጂነር ነው፣ ቤትም ገዛ" ይላል። ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ባለቤቴ ትቀድመኝና "አርት ነው ያጠናችው" ብላ ወሬውን ወደ ሙቀቱ ትወስደዋለች። እኛ በምንኖርባት የቴክሳሷ ሜስኪት ከተማ በሰመር ስለ ሙቀት የሚያወራ ሰው አይጠፋም፤ ወሬውም እዚያው ይቀራል።

ነገሩ የተጀመረው ግን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች የሰንበት ትምህርት መምህሯ ዮናስን በዓሣው ሆድ ውስጥ ሣሉ ብላ ለልጆቹ ወረቀት አደለች። ሌሎቹ ሰማያዊ ባሕር፣ ፈገግ ያለ ዓሣ፣ ከላይ ቢጫ ፀሐይ ሣሉ። የእኔዋ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ከለር ሞላችውና መሐሉ ላይ አንድ እጅ ብቻ ተወች። የተዘረጋ እጅ፣ ግድግዳ የሚፈልግ እጅ። መምህሯ ጠርታን "ቤት ውስጥ የሚያስጨንቃት ነገር አለ እንዴ?" አለችን። ባለቤቴ መሬት ዋጪኝ አለች። እኔ ግን ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። የዮናስን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ እዚያ ውስጥ ጨለማ መሆኑን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ካደገች በኋላ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ገባች። የተስማማነው ነርሲንግ ነበር። ባለቤቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነርሶቹ ሲገቡ ሲወጡ ታያለች፤ ልጇም እንደነሱ ባጅ አንጠልጥላ እንድትሄድ ነበር ሕልሟ። አንድ ቀን ልጅቷ ስልክ ደወለችልኝ።

"አባዬ፣ ሜጀር ቼንጅ አደረግኩ፤ ወደ አርት። ለእማዬ አንተ ንገራት።"

"እኔ ምን በደልኩሽ?"

"ሶ፣ እሷ አንተ ላይ ብትጮህ ምንም አትሆንም።"

"ለምን አልሆንም?"

"ማለቴ፣ ለምደኸዋል።"

ነገርኳት። ጮኸችብኝ። ልጄ እውነቷን ነው፣ ለምጄዋለሁ።

ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ቀን ቀን ግራንድ ፕሬሪ የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ለአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ሰዓሊ ጥቁር ትሞላ ነበር። የሚሞላ ጥቁር አለ እንዴ ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ሽማግሌው ሥዕሉን በእርሳስ ይሥልና ጥቁር የሚሆነው ቦታ ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት ያደርጋል። ኤክስ ያለበትን ሁሉ በብሩሽ ማጥቆር የእሷ ሥራ ነበር። እዚህ ሙያ ውስጥ እንደ ሊስትሮነት ያለ ነው፤ ከዚያ ነው የሚጀመረው። እሷ ግን ብዙ ዘመን ሠርታበት "አባዬ፣ ጥቁር ባዶ ቦታ አይደለም፤ ክብደት አለው" እያለች ትመጣ ነበር። ከዚያ የሌሎችን ሥዕል በቀለም ማጉላት ጀመረች፤ ከዚያ አጫጭር ታሪኮች፣ አንዱ መጽሔት ላይ ትንሽ፣ ሌላው ላይ ትንሽ። ስሟ ሁልጊዜ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል።

ሥዕሏን ያላየ ሰው ቀንድና ጥፍር፣ ደም የሚተፋ አፍ ይመስለዋል። እንደዚያ የሚሥሉ አሉ። የእኔዋ ጭራቁን አትሥለውም። የምትሥለው ሰፈራችንን ነው። ማንም የማይሄድበትን የእግረኛ መንገድ፣ ባዶ ፓርኪንግ ሎት፣ ከጣሪያዎቹ በላይ የተዘረጋ የመብራት ሽቦ፣ ክብ በሩ ተከፍቶ የቀረ የልብስ ማድረቂያ ማሽን። መስመሯ ጥቂት ነው፤ ሰማዩን ባዶውን ትተወዋለች። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጥቁሩ ከሚገባው ትንሽ ይበልጣል። መኪና ሁሉ ጥላ አለው፤ የእሷ መኪና ጥላ ግን ትንሽ ይረዝማል። ምን እንዳየህ ሳታውቀው ገጹን ለመግለጥ እጅህ ይሰንፋል። የሚያስፈራውን ሁልጊዜ ከገጹ ጀርባ ነው የምታስቀምጠው። "ሰውዬው ራሱ ነው የገለጠው፤ እኔ አላስገደድኩትም" ትላለች።

አንድ ጊዜ ዳላስ ውስጥ የኮሚክ ወዳጆች የታሪኩን ሰዎች መስለው በሚመጡበት ኮንቬንሽን ላይ ጠረጴዛ ተከራይታ ካርቶኗን እኔ ተሸከምኩላት። ግንባሩ ላይ የላስቲክ መጥረቢያ የተሰካ፣ ፊቱ በቀይ ቀለም የታጠበ ጎረምሳ በሩን ይዞ ቆመልኝና "ሰር፣ ካርቶኑን ልያዝልዎት?" አለኝ። ለባለቤቴ ይህን ስነግራት "የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች እንኳን እንደሱ በር አይዙልኝም" አልኳት። አልሳቀችም።

እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ድርሻ አለኝ። ብዙ አልተማርኩም፤ የማነበው እንግሊዝኛ የመንገድ ምልክትና የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከኤርፖርት ሰው በማመላለስ ነው። ልጄ ታዲያ ቃል ያልገባበትን ገጽ፣ ሥዕሉን ብቻ፣ ጠረጴዛ ላይ ትደረድርልኝና "አባዬ፣ የት ጋ ፈራህ?" ትለኛለች። ጣቴን አስቀምጣለሁ። እሷ ባሰበችው ቦታ ካስቀመጥኩ ገጹ አለቀ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ካስቀመጥኩ ምንም ሳትል ይዛው ትሄዳለች፤ እንደ አዲስ ትሥለዋለች። አንድም ቀን "አልገባህም" ብላኝ አታውቅም።

አሁን የምነግራችሁ አምና የሆነውን ነው። ቤት ኪራዩ ሲከብዳት ወደ እኛ ተመለሰችና ዳይኒንግ ሩም የሚባለውን፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ የማንቀመጥበትን ክፍል ያዘች። አንድ የመጽሐፍ አሳታሚ አጫጭር ታሪኮቿን አይቶ "የራስሽ ታሪክ ካለሽ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ሠርተሽ ላኪልኝ፤ ከወደድኩት ሙሉ መጽሐፍ ይሆናል" አላት። ስሟ ከላይ የሚጻፍበት መጽሐፍ። ይህን የሰማች ቀን እናቷ ፊት ቆማ ቃል ገባች።

"እማዬ፣ ይሄ ኖ ከተባልኩ ነርሲንግ እገባለሁ። ፕሮሚስ።"

ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችው። "እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው። ደክሞኛል።"

ያ "ደክሞኛል" ያለችው ነገር ውስጤ ገባ። ሰው ከሚወደው ሥራ የሚለየው ሲጠላው አይደለም፤ ሲደክመው ነው።

ገጾቹን በእርሳስ ሥላ ስትጨርስ እንደ ልማዳችን ደረደረችልኝ። አንዲት ሴት ኩሽና ውስጥ ቆማለች። የጋራዡ ትልቁ በር ሲከፈት ትሰማለች። መኪና ይገባል። ሞተሩ ይጠፋል። የጋራዡ በር ይዘጋል። ከዚያ ከጋራዥ ወደ ኩሽና የሚያስገባው በር አለ፤ ሴትየዋ ያንን በር ታያለች። ማንም አይገባም። በሚቀጥለው ሥዕል በሩ ብቻ። በሚቀጥለውም በሩ ብቻ። በመጨረሻው ገጽ በሩ ትልቅ ሆኖ፣ እጇ እጀታው ላይ።

በሩን አወቅኩት። እጀታው ሥር ያለው ጭረት እንኳ የኛው ነው።

"ይሄ ሰውዬ መኪናው ውስጥ ምን ያደርጋል?" አልኳት።

"አንተ ንገረኛ፣ አባዬ።"

"እኔ?"

"ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ማለቴ፣ ጋራዡ ተከፈተ፣ መኪናው ገባ፣ ጋራዡ ተዘጋ። እኔ በሩ ጋ እጠብቃለሁ። አንተ አትመጣም። ምን ነበር የምታደርገው?"

ምንም አላደርግም ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ፣ የሰው ወሬ፣ የሃይዌይ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ይዤ ስለምገባ፣ እሱ እስኪረጋ ድረስ ነበር የምቀመጠው። ጩኸቱን ይዤባቸው እንዳልገባ ብዬ። ይህንኑ ነገርኳት።

"ኦኬ" አለች። "እኔ ደግሞ የገባው አንተ አይደለህም ብዬ አስብ ነበር።"

"እና ምንድን ነው የገባው?"

"እሱን ነው እስከ ዛሬ የምሥለው።"

ደነገጥኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን የምታስፈራበትን ነገር ከየት አመጣችው እያልኩ ስገረም፣ ያመጣሁላት እኔው ነኝ። ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"አባዬ፣ በሩ ሲከፈት እኮ ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። ዳቦ ይዘህ።"

ባለቤቴ በዚያው በኩል ስታልፍ ቆማ ገጾቹን አየች። ገጾቹን አይታ አታውቅም ነበር፤ በዚያ ክፍል በኩል ስታልፍ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። ያን ዕለት ግን በሩን እሷም አወቀችው።

"ይሄ ኤክስ ኤክሱ ምንድን ነው?" አለች በጣቷ እያሳየች።

"እዚህ ጋ ጨለማ ይገባል፣ እማዬ።"

"በበሩ ዙሪያ ሁሉ?"

"አዎ፣ ዙሪያውን።"

ምንም ሳትል ሄደች። ባለቤቴ ስትጮህ ለምጄዋለሁ ብያለሁ፤ ዝም ስትል ግን አልለመድኩትም።

ስለ ባለቤቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትቀባለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የጸለዩበት የወይራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ አይጠፋም። ቤቱ የገባን ቀን በሩን ሁሉ፣ ግራና ቀኝ መቃኑን ቀባች። መኪና ስንገዛ መሪውን ቀባች። የስኳር መለኪያዬን እንኳ ቀብታው ማሽኑ ቁጥር አልሰጥ ብሎ ሌላ ገዝተናል። "እሱ በእምነት ማነስ ነው" አለችኝ።

ልጄ ገጾቹን ሰኞ ልትልክ፣ ቅዳሜ ጠዋት በቀለም ልትጀምር ተነሣች። እኔ ጓሮ ውስጥ ጎመኔን ውሃ እያጠጣሁ ነበር። ከውስጥ "ኖ! ኖ፣ ኖ፣ ኖ!" ስትል ሰማሁና የውሃውን ጎማ ጥዬ ሮጥኩ፤ እኔ ሮጥኩ ስል በጉልበቴ ልክ ነው።

የጀመረችው ከመጨረሻው ገጽ ነበር፤ ከበሩ ገጽ። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክራ በበሩ ዙሪያ ስታሳልፈው ጥቁሩ አልይዝ አለ። ጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ እየተድቦለቦለ ይሸሻል። እንደገና ስታሳልፈው እንደገና ይሸሻል። ወረቀቱን አንሥታ አሸተተችው። ሁለታችንም ወደ ኩሽናው ዞርን።

"እማዬ! ገጼን ቀባሽው?"

"ቀባሁት" አለች ባለቤቴ ከምድጃው ሳትዞር። መካድ አታውቅም።

"ለምን?"

"ቤት አይደል? ቤት ይቀባል።"

"የወረቀት ቤት እኮ ነው!"

"አንቺ በወረቀት ካስፈራሽ፣ እኔም በወረቀት እቀባለሁ።"

"ሰኞ ነው የምልከው! ካልተቀበሉኝ ነርሲንግ መግባቴ ነው፤ ታውቂያለሽ!"

"አውቃለሁ።"

ልጄ ወረቀቱን አስቀመጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ "ሶ፣ ለዛ ነው?" አለች።

ባለቤቴ ማማሰያዋን አስቀምጣ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ እኔም ያንኑ ነው ያሰብኩት። ልጇን ነርስ ለማድረግ ብላ ነው አልኩ በልቤ።

ልጄ በንዴት ብሩሹን የቀረው ቦታ ሁሉ ላይ አሳለፈችው፤ የያዘው ያዘ፣ ያልያዘውን ተወችው። "ኮምፒውተር ላይ ፊክስ አደርገዋለሁ" አለችና ቁልፏን ይዛ ወጣች። መኪናዋ ሲሄድ ሰማሁ። እኔ ወንበር ስቤ ገጹ ፊት ተቀመጥኩ። የምሄድበት የለኝ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ማየትም አንድ ሥራ ነው።

ተመልሳ ስትመጣ እዚያው ነበርኩ።

"አትየው፣ አባዬ። ተበላሽቷል።"

"አይቼዋለሁ።"

"ኦኬ። የት ጋ ፈራህ?" ከልማድ ነው የጠየቀችኝ እንጂ መልስ ፈልጋ አልመሰለኝም።

"እኔ አልፈራሁም። እዚህ ጋ የፈራው ጨለማው ነው።"

ጣቴን መቃኑ ላይ አደረግኩ። ጥቁሩ ከጋራዡ በኩል ከብዶ ይመጣል፤ እሷ እንደምታውቅበት፣ ክብደት አለው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ይሰባበራል። እሳት እንደነካው እጅ ጣቱን ሰብስቦ ወደ ኋላ ይላል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይሸሻል። በሩ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ባለቤቴ ጣቷን ያሳረፈችበት ቦታ ሁሉ። ዘይቱ ባይኖር ጥቁር በር ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን ከወዲያ ማዶ የሆነ ነገር እንዳለ፣ ለመግባትም እንደሞከረ፣ እንዳልቻለም ይታያል።

ልጄ አጎንብሳ አየች። ገጹን አነሣችና መስኮቱ ጋ ወስዳ አየች። ከሩቅ አየች፤ ከቅርብ አየች።

"እና በሩን ስትከፍተው?" አልኳት። "ሴትየዋ?"

"አላውቅም" አለች። ድምፅዋ ተለውጧል። "እስከ ዛሬ ሁልጊዜ አውቅ ነበር። አሁን አላውቅም።"

ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አልነካችም። ሰኞ እንዳለ ላከችው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። እናትና ልጅ "ጨው አቀብዪኝ"፣ "በሩን ዝጊው" እየተባባሉ ሰነበቱ። እኔ በመሐል ሆኜ ስለ ጎመኔ አወራለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ልጄ አንድ ቀን ኮምፒውተር ከፍታ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ምዝገባ ስታይ አየኋት። ባለቤቴም አየቻት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አዙራ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጠበች።

መልሱ የመጣ ቀን ሦስታችንም ኩሽና ነበርን። ልጄ ቆማ ስልኳን አነበበች፣ ከዚያ እንዳለች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ባለቤቴ "ምነው? ልጄ ምነው?" ብላ ማንኪያውን ጣለችው።

"ወሰዱት" አለች። "መጽሐፉን ወሰዱት።"

እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች። ስልኩን እያየች ቀጠለች፤ "አሳታሚው የበሩን ገጽ እንዴት ነው የሠራሽው ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉ ሁሉ እንደሱ ይሁን ይላል።"

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "እና ነርሲንጉ?"

"ቀረ፣ እማዬ።"

"እንግዲህ" አለች። እኛ ቤት "እንግዲህ" ብዙ ነገር ነው።

ልጄ ከወለሉ ሳትነሣ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። "እማዬ፣ ስትቀቢው ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው? ንገሪኝ፤ አልቆጣም።"

ባለቤቴ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። "ምን እላለሁ። መጀመሪያ በዚህ በር ክፉ ነገር በልጄ ላይ አይግባ አልኩ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ፣ ጌታ ሆይ፣ ነርስ የማትሆንልኝ ከሆነ፣ ሰዎቹን በደንብ አድርጋ ታስፈራልኝ አልኩ። ግማሽ ሥራ አልወድም።"

እኔ ከሳቄ ብዛት ወንበር ያዝኩ። ልጄ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ትንቀጠቀጣለች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁትም። ባለቤቴ "ምን ያስቃችኋል?" እያለች ጭንቅላቷን ትዳብሳለች።

ከዚያ ልጄ ቀና ብላ "ሶ፣ እማዬ፣ ዘይቱ ያስፈልገኛል። ብዙ" አለች።

"የጸሎቱን?" ባለቤቴ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። "እሱንስ አልሰጥም! እሱ ለሰውና ለቤት ነው። ኩሽና ያለውን ውሰጂ፤ እሱም የወይራ ነው።"

አሁን መጽሐፉ እየተሠራ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ግን ከሱቅም ከቤተ ክርስቲያንም ስመለስ፣ የጋራዡ በር ከኋላዬ ሳይዘጋ መኪናው ውስጥ ሆኜ "እኔ ነኝ!" ብዬ እጣራለሁ። ልጄ ከውስጥ "እርግጠኛ ነህ?" ትለኛለች። "ዳቦ ይዣለሁ" እላለሁ። ያን ጊዜ ትከፍትልኛለች። ቤተ ክርስቲያን ስለ ልጆች ሲጠያየቁም ባለቤቴ ወደ ሙቀቱ መሸሹን ትታዋለች። "በር ትሥላለች" ትላለች። "እናንተ ግን አታንብቡት፣ እንቅልፍ ያሳጣችኋል።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ዳይኒንግ ሩሙን ሁለቱ ይይዙታል። ልጄ በእርሳስ ትሥልና ኤክሷን ታደርጋለች። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ከፊት ለፊቷ ትቀመጣለች፤ በሲኒ የተቀዳ የኩሽና ዘይት አጠገቧ፣ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጫፍ እየነከረች ልጅቷ ያሳየቻትን ቦታ ትነካለች። "ትንሽ ብቻ፣ እማዬ።" "ትንሽ ነው ያደረግኩት።" "በዛ እኮ።" "አልበዛም፤ ዝም ብለሽ ሥሪ።" የኩሽና ዘይት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም ብላ ምላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ፤ እያንዳንዱን በር ስትነካ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።